«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አረጋውያን የማስታወስ ችግርና ስለ ቅድመ ምርመራው

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት፤ ለአረጋውያን፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው)

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ አረጋውያን ወላጆቻችን የማስታወስ ችግር እንነጋገራለን። ትምህርቱን በሬዲዮ ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉም እንድታነቡላቸው በዚህ ወረቀት ላይ ታትሟል።

በእኛ ማኅበረሰብ አንድ አዛውንት ነገር መርሳት ሲጀምሩ «ዕድሜ ነው፤ ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህን የምንለው በክፋት ሳይሆን መፍትሔ የሌለው ስለሚመስለን ነው። ይሁን እንጂ ካምፕ ውስጥ መርሳት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የራሽን ቀን የረሱ እናት ያለ እህል ሊሰነብቱ ይችላሉ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን መውሰዳቸውን የዘነጉ አባት ደግመው ይውጣሉ፣ ወይም ጨርሶ ይተዋሉ። የተረሳ የከሰል ምድጃ ቤት ያቃጥላል። ለቃለ መጠይቅ የቀረቡ አዛውንት ዓመተ ምሕረት ሲያምታቱ ውሸታም ሊመስሉ ይችላሉ።

ከዚህም በላይ ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ሰውን ከሚያስረሱት ምክንያቶች መካከል ክሊኒክ ውስጥ ተለይተው የሚታከሙ አሉ። «ጃጅተዋል» ብለን ከተውናቸው ግን እነዚህ ምክንያቶች ሳይታወቁ ይቀራሉ። ስለዚህ የዛሬው መልእክታችን አንድ ነው፤ የአረጋዊ ሰው መርሳት ለጤና ባለሙያ የሚነገር ጉዳይ ነው።

መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

የጤና ባለሙያዎች መርሳትን በሦስት ከፍለው ያዩታል።

1ኛ. የዕድሜ መርሳት። የሰው ስም ይጠፋቸዋል፣ ቆይቶ ግን ይመጣላቸዋል። ቁልፍ ያስቀመጡበትን ይረሳሉ፣ ፈልገው ግን ያገኙታል። ኑሯቸው አልተለወጠም።

2ኛ. መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መቀነስ። ለውጡ በዕድሜ እኩዮቻቸው ላይ ከሚታየው ይበልጣል። ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ያስተውለዋል፣ ሲመረመሩም ይታያል። ነገር ግን የዕለት ተዕለት ሥራቸውን አሁንም ራሳቸው ይሠራሉ።

3ኛ. የመርሳት በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ዲሜንሺያ። እዚህ ላይ ሰውየው ያለ ሌላ ሰው እርዳታ መኖር ያዳግተዋል። አልዛይመር የሚባለው በሽታ ከዲሜንሺያ መንስኤዎች ዋነኛው ነው።

ለምሳሌ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናትን እናስብ። የእንግዳዋ ስም ጠፍቶባቸው ሁለተኛው ስኒ ላይ ትዝ ቢላቸው ይህ የዕድሜ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያንኑ ወሬ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ቢያወሩ፣ ቡናውን ግን ቆልተው፣ ወቅጠውና አፍልተው ቢያቀርቡ ሁለተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልካቸውን ያፈሉት ቡና ቅደም ተከተሉ ጠፍቶባቸው ጥሬውን ጀበና ውስጥ ቢጨምሩ ግን ሦስተኛው ያሳስባል።

ብዙ ጊዜ ቤተሰብን የሚያሳስተው ነገር አለ። «የድሮውን ሁሉ ያስታውሳሉ እኮ! ዳዊቱን በቃላቸው ይደግማሉ» ወይም «ቁርኣኑን ይቀራሉ» ይባላል። በልጅነት የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠፋ ነው። ቀድሞ የሚጠፋው የዛሬና የትናንቱ ነው። ስለዚህ የድሮውን ማስታወሳቸው ብቻ ሊያረጋጋን አይገባም።

የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እንደገለጸው፣ መለስተኛው ችግር ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 64 ከሆኑ 100 ሰዎች መካከል በ7 ያህሉ፣ ከ80 እስከ 84 ከሆኑት መካከል ደግሞ በ25 ያህሉ ላይ ይገኛል። ይህ ችግር ካለባቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ሰዎች መካከል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ዲሜንሺያ የሚሄዱት 15 ያህል ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚሻላቸውም አሉ። እንግዲህ መለስተኛ ችግር ተገኘባቸው ማለት የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል ማለት አይደለም።

ድንገት የመጣ ግራ መጋባት ቀጠሮ አይጠብቅም

እስካሁን ያልነው በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ስለሚመጣ መርሳት ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ቢቀባዥሩ፣ ሰው ቢያምታቱ፣ ቀን እየተኙ ሌሊት ቢነሡ፣ አንዴ እየተሻላቸው አንዴ ቢብስባቸው ይህ ሌላ ነገር ነው። ወባ፣ የሳምባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውኃ ጥማት፣ የስኳር መውረድ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። ወድቀው ወይም ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከሆነ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ ንገሩ፤ ደም ቀስ እያለ በጭንቅላት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላልና። ፊታቸው በአንድ በኩል ቢጣመም፣ እጃቸው ቢዝል ወይም አንደበታቸው ቢተሳሰር ደግሞ አንድ ሰዓትም አታቆዩ።

ቅድመ ምርመራው ምንድን ነው?

ቅድመ ምርመራው መርፌ የለውም፣ ደም አይወሰድበትም፣ አያምም። የጤና ባለሙያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ የተወሰኑ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ለምሳሌ ጥቂት ቃላት ነግሮ ከደቂቃዎች በኋላ «ቅድም የነገርኩዎት ቃላት ምን ምን ነበሩ?» ይላል። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና ያሉበት ቦታ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ቁጥር ያስቀንሳል፣ ሥዕል ያስገለብጣል፣ ሰዓት ያስላል።

ከእነዚህ መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ኤም.ኤም.ኤስ.ኢ. ነው። ሌላው በካናዳ ሞንትሪያል ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሞካ ሲሆን መለስተኛውን ችግር ለመለየት የታሰበ ነው። ሁለቱም ከ30 ነጥብ ይታረማሉ።

ነጥቡ ብቻውን በሽታ አለ ወይም የለም አያሰኝም። ትኩሳት መለኪያ ትኩሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይናገርም። ይህም እንደዚያው ነው። ዝቅ ያለ ነጥብ «ለምን?» ተብሎ እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ሁሉም አረጋዊ ተሰልፎ ይመርመር ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ስለ ቅድመ ምርመራዎች ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው፣ ምንም ምልክት የሌላቸውን አረጋውያን በሙሉ መመርመር ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ ለመወሰን በቂ ማስረጃ የለም። መመርመር ያለባቸው ራሳቸው «ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ» የሚሉ፣ ወይም የቅርብ ሰው ለውጥ ያየባቸው ናቸው።

ፈተናው ለእኛ አረጋውያን እንዲስማማ

መጠይቆቹ መጀመሪያ የተዘጋጁት ትምህርት ቤት ለገቡ፣ ፈረንጆቹን የቀን አቆጣጠር ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ስለዚህ አእምሯቸው ደህና የሆኑ አዛውንት ሊወድቁ ይችላሉ። አብራችሁ ስትሄዱ እነዚህን ለባለሙያው አስታውሱ።

ቀን። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወሮቹም 13 ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2025 በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ነበር። «ሐምሌ 2017 ነው» ያሉ አባት አልተሳሳቱም።

ሰዓት። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለውን የክሊኒኩ ወረቀት 9 ይለዋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ስለሚቆጥሩ፣ እዚህ ኬንያ ውስጥ ይህን ለባለሙያው ማስረዳት ቀላል ነው።

ልደት። ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ቀን አያውቁም። ካርዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸውም አሉ። የካርዱን ቀን አለማስታወስ የማስታወስ ችግር ምልክት አይደለም።

ትምህርት። ብዕር ይዘው የማያውቁ እናት ኩብ ሥዕል መገልበጥ ቢያቅታቸው አያስደንቅም። ሞካ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማሩ አንድ ነጥብ ይጨምራል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን ይህ አይበቃም። ላልተማሩ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። አንዱ በጎረቤታችን ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ክልል በሃይ ወረዳ ከሚኖሩ አረጋውያን ጋር ተሠርቶ የተፈተነው አይዲያ የተባለው ነው። በእሱ እርሳስ አያስፈልግም፤ በክብሪት እንጨት የተሠራ ቅርጽ አይተው በክብሪት እንጨት ይደግሙታል።

ቋንቋ። በአማርኛ የምንግባባ ብንሆንም የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አኙዋክኛ ወይም ሌላ የሆነ አረጋውያን ብዙ ናቸው። በሚቀላቸው ቋንቋ ይጠየቁ። አስተርጓሚው ልጃቸው ባይሆን ይመረጣል፤ ልጅ ሳያስበው ፍንጭ ይሰጣልና። አስተርጓሚ የሆናችሁም አደራ፣ መልሱን አታሳምሩ፣ አታግዙ።

ዓይንና ጆሮ። ያልሰሙትን ቃል ሊያስታውሱ አይችሉም። መነጽር ካላቸው ያድርጉ። ጆሯቸው ከብዶ ወይም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሳይበሉ ወይም ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ከሆነም ቀኑ ቢለወጥ ይሻላል።

ምስክሩ ማን ነው?

ጥሩ ምርመራ አረጋዊውን ብቻ ሳይሆን በቅርብ የሚያውቃቸውንም ሰው ይጠይቃል። «ከዱሮው ጋር ሲነጻጸሩ ምን ተለወጠ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ ትምህርትም አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ግን ችግር አለ። ከዓመታት በፊት የሚያውቋቸው ሰዎች አገር ቤት ቀርተዋል፣ ወይም ሦስተኛ አገር ሄደዋል፣ ወይም አልፈዋል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንም አሉ። ስለዚህ ጎረቤት፣ የብሎክ ኃላፊ፣ የዕድር አባል፣ ቦኖ ላይ የሚያገኟቸው ሴቶች ሁሉ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። የሚከተሉትን አስተውሉ፦

- ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቀን ደጋግመው ይጠይቃሉ?
- የራሽን ወይም የክሊኒክ ቀን መርሳት ጀምረዋል?
- ሱቅ ሲሄዱ መልስ መቁጠር አቅቷቸዋል? በዕቁባቸው ሒሳብ ይጣላሉ?
- በሚያውቁት መንገድ ጠፍተው ያውቃሉ?
- ጸባያቸው ተለውጧል? ከሰው ርቀዋል?

መቼ እንደ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ይሁን በድንገት፣ እየባሰ ይሁን ባለበት ያለ ለባለሙያው ንገሩ።

ነጥቡ ዝቅ ቢል ምን ይፈለጋል?

ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው ሊታከም የሚችለውን ምክንያት ነው።

ሐዘንና ጭንቀት። ልጅ የቀበረ፣ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሐሳቡ አይሰበሰብም። የመንፈስ ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት መርሳትን ያመጣሉ፤ ሕክምናም አላቸው።

መድኃኒት። የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች እንደ ዲያዜፓም፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን የአረጋውያንን አእምሮ ያደነዝዛሉ። ለጉንፋንና ለማሳከክ ከሱቅ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚንም እንዲሁ ነው። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ አንዳንዱን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

የምግብ እጥረት። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በመሳሰሉት የእንስሳት ምግቦች ብቻ ነው፤ በማሽላ፣ በባቄላና በዘይት ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ድረስ ከኔፓል ካምፖች ወደ አሜሪካ በሄዱ የቡታን ስደተኞች ላይ በተደረገ ምርመራ በብዙዎቹ ይህ እጥረት ተገኝቷል። እጥረቱ መርሳትንና የእግር መደንዘዝን ሊያመጣ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። ለረጅም ጊዜ የሚጾሙ አረጋውያን ስለ ጾማቸው ለባለሙያው ይንገሩ፤ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ።

ሌሎች በሽታዎች። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የደም ማነስ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ቂጥኝ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት መታየት አለባቸው። መጠጥም እንዲሁ።

ምክንያቱ ሁሉ በአንድ ቀን አይገኝም። ላቦራቶሪው የማይሠራው ምርመራ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም «ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ከተባሉ ቀኑን ጻፉና አትርሱ። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ነው ለውጡ በደንብ የሚታወቀው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ለመለስተኛው ችግር ተብሎ የሚሰጥ፣ እዚህ የሚገኝ ኪኒን የለም። የሚጠቅመው ነገር ግን በእጃችን ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕክምናን በወጉ መከታተል፣ ማጨስን መተው፣ ጠዋትና ማታ ሙቀቱ በርድ ሲል በእግር መሄድ፣ ጆሮንና ዓይንን መታከም፣ ከሰው ጋር መዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በሕይወት ዘመን ሊቀነሱ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ ከዲሜንሺያ ሕመሞች 45 በመቶ ያህሉ ሊቀሩ ወይም ሊዘገዩ እንደሚችሉም ገምቷል።

አረጋውያኑን ከሥራ አታስወጧቸው። ቡና ያፍሉ፣ ሽሮ ይልቀሙ፣ ለልጆች ተረት ይንገሩ፣ ዕድር ይሂዱ። ዕቃ ሁሌ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። የኪኒን ሰዓት ከጸሎት፣ ከሶላት ወይም ከቁርስ ጋር ይያያዝ።

አነጋገራችንም ይታረም። «አሁን ነገርኩሽ እኮ!» ከማለት መልሶ መንገር ይሻላል። ወደ ምርመራ ስንጠራቸውም «አእምሮህ ተበላሽቷል» አንበል። «አባባ፣ ግፊትዎን ልንለካ ስንሄድ ስለ መርሳቱም ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል» ብንል አይከፉም።

ራሽንና ቃለ መጠይቅ

ብዙዎች «ይህ ከተመዘገበ ፕሮሰሴ ይበላሻል» ብለው ይፈራሉ። የሕክምና ውጤት ሚስጥር ነው። ለማን እንደሚሰጥ የመጠየቅ መብት አላችሁ። «ፕሮሰስ አፋጥናለሁ» ወይም «ወረቀቱን አጠፋለሁ» የሚል ደላላን አትስሙ።

እንዲያውም ችግሩን መደበቅ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የስደተኝነት ማረጋገጫ መመሪያ ውስጥ፣ የአመልካቹ አእምሮ ጤንነት የሚያጠራጥር ከሆነ ጠያቂው በተቻለ መጠን የሐኪም አስተያየት እንዲያገኝ፣ የማስረዳት ሸክሙ እንዲቀልለት፣ መረጃም ከዘመድና ከወዳጅ እንዲፈለግ ተጽፏል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ለጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ተናገሩ፤ አብሮ የሚገባ ሰው እንዲፈቀድም ጠይቁ። ራሽንንም በተመለከተ ታማኝ ተወካይ ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ከአድማጮች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጄ ከአሜሪካ የማስታወስ ቫይታሚን ልላክልሽ ትለኛለች። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የመርሳት በሽታን ለመከላከል ተብለው የሚወሰዱትን ቫይታሚን ቢ፣ ቫይታሚን ኢና የዓሣ ዘይት አልደገፈም። እጥረት መኖሩ በሐኪም ከታወቀ ግን ሌላ ነው። ልጅዎ ገንዘቡን ለወተትና ለእንቁላል ብትልክልዎ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ የአልዛይመር መድኃኒት ወጥቷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሌካነማብ የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። ሆኖም በሽታውን በመጠኑ ያዘገየዋል እንጂ አያድንም። ውድ የአንጎል ምርመራና ክትትልም ይጠይቃል። እዚህ ግን ሊታከም የሚችለውን ምክንያት ፈልጎ ማከም ነው የሚያዋጣን።

ጥያቄ፦ አባቴ «እኔ አልታመምኩም» ብለው እምቢ አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያስገድዷቸው። የሚያከብሩት ሰው፣ የዕድሜ እኩያቸው ወይም የሃይማኖት አባት ያነጋግራቸው። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛም ቤት ድረስ መጥታ እንድታያቸው ጠይቁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ሳምንት በብሎካችሁ ካሉት አረጋውያን አንዱን ጎብኙ። ቁጭ ብላችሁ አጫውቷቸው፤ ኪኒናቸውን መውሰዳቸውን፣ ራሽን ማምጣታቸውን፣ እንቅልፍ መተኛታቸውን ጠይቁ። ለውጥ ካያችሁ «ጃጅተዋል» ሳትሉ ወደ ክሊኒክ አድርሷቸው። ይህንንም ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አቀብሉ።